ወደ ፋይናንሻል ኤይድ ወርክሾፕ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ልጅዎ አስራ አንደኛ ወይም አስራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሰ የፋይናንሻል ኤይድ (የኮሌጅ ክፍያ እርዳታ) ወርክሾፕ ጥሪ መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ወላጅ የሚወስነው በግምት ነው። ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱባቸውን ነጥቦች እነሆ።

«ገቢያችን ከፍ ያለ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ የሚሞላው ለፔል ግራንት ብቻ አይደለም። የፌዴራል የተማሪ ብድርም የሚገኘው በእሱ ነው፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን ገንዘብ የሚሰጡት እሱን አይተው ነው። ፔል ግራንት ራሱ በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር የሚደርስ፣ በመደበኛው የማይመለስ ገንዘብ ነው። ሲሰላ ደግሞ ከገቢው ጋር የቤተሰቡ ብዛት ይታያል። ሁለት ሥራ እየሠራ አራት ልጅ የሚያሳድግ አባት ሳይጠይቅ «እኔ አላልፍም» ሲል በጣም ያሳዝነኛል።

«ዜጋ አይደለንም»

ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ፣ በዲቪ የመጣውም ጭምር፣ ማመልከት ይችላል። የወላጅ የመኖሪያ ሁኔታ የልጁን ብቁነት አይነካም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ፋፍሳን ለመሙላት የሚያስፈልገውን የኢንተርኔት አካውንት መክፈት ይችላል። ስለ ወረቀቱ ስጋት ያለው ወላጅ ግን መረጃውን ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ እየጠበቀ ያለ ተማሪ የፌዴራሉን እርዳታ አያገኝም፤ ሆኖም እንደ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ያሉ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ማመልከቻ ስላላቸው ያንን መጠየቅ ይገባል።

ጠሪው ማን እንደሆነ አለማየት

ጥሪው የመጣው ከትምህርት ቤቱ፣ ከኮሌጅ፣ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ከሆነ ይሂዱ። የማያውቁት ድርጅት በሆቴል አዳራሽ «ነፃ ሴሚናር» ብሎ ከጠራዎት ግን መጨረሻ ላይ ኢንሹራንስ ወይም የማማከር አገልግሎት ሊሸጥልዎት ይችላል። ፋፍሳን መሙላት በነፃ ነው። «ስኮላርሺፕ እናስገኛለን» ብሎ ክሬዲት ካርድ የሚጠይቅ ሰው ካለ ተነስተው ይውጡ።

ልጁን ብቻ መላክ

አብዛኛውን ቤተሰብ የሚያሰናክለው ይህ ነው። ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ የታክስ መረጃው ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) እንዲመጣ ካልፈቀደ፣ ልጁ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ አይሆንም። ማረጋገጫ ኮዱም የሚላከው በወላጅ ስልክ ወይም ኢሜይል ነው።

እኛ ላይ ደግሞ የስም ጣጣ ይጨመራል። ልጁ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል፣ አባት የአያትን፣ እናት የራሷን አባት፤ ሦስቱም ስም ይለያያል። በአንዳንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መካከል ይገባል፣ በሌላው ይቀራል። አካውንት ሲከፈት የገባው ስም በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ ካለው ካልገጠመ ማረጋገጫው አያልፍም። ስለዚህ ስሙን ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ የትውልድ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር በሰነዱ ላይ እንዳለው ያስገቡ። አካውንቱን ከወርክሾፑ ጥቂት ቀናት ቀድመው ከከፈቱ እዚያ ሄደው ኮድ ሲጠብቁ አይውሉም።

የወርክሾፑን ዓይነት አለመጠየቅ

አንዳንዱ ገለጻ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቅጹን አብረው የሚያስሞሉበት ነው። ደውለው ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነም እንዲሁ። አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እስኪረፍድ መጠበቅ

ቅጹ በየዓመቱ የሚከፈተው ጥቅምት ወር ገደማ ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ይሰጣሉ። የሚታየውም ታክስ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው፤ በ2027 መኸር ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ የ2025 ማለት ነው። ስለዚህ በአስራ አንደኛ ክፍል መሄድ ችኮላ አይደለም።

መቅረት የሚያዋጣበትም ጊዜ አለ። ልጅዎ ኮሌጅ ከገባ ፋፍሳው በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ያለፈውን ዓመት ያለ ችግር ከሞሉ ግን ለእድሳት ወርክሾፕ አያስፈልግዎትም። የተላከው የእርዳታ ደብዳቤ ላይ የቱ ግራንት፣ የቱ ብድር እንደሆነ ካልገባዎት በቀጥታ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ይደውሉ፤ የልጅዎ ፋይል ያለው እነሱ ዘንድ ነው።