ውሃውን ቀንሱ! ከልጆች ጋር በቡና ፊልተር ስንሠራ የምናበላሽባቸው መንገዶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት ከልጁ እጅ የውሃ ስፕሬዩን ተቀበለ። «አይ፣ እንዲህ ነው» አለና አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ረጨበት። ልጅቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምላሷን አውጥታ የቀባችው ቢራቢሮ ዓይናችን እያየ ድፍን ምስር ወጥ መሰለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። አባትን ልጁ ፊት መቆጣት ነውር ነው። ቤቴ ስገባ ግን ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሀገራችን ልጆች አማርኛ የሚማሩበት አዳራሽ አለን። እዚያ የእጅ ሥራው ጠረጴዛ የኔ ነው። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ፊደል ያደከመው ልጅ ሁሉ ወደኔ ይላካል። ዕቃዬ ርካሽ ነው፦ የቡና ማጣሪያ ወረቀት (ፊልተር)፣ ማርከርና ውሃ። ልጆቹ ወረቀቱን በማርከር ይቀባሉ፣ ውሃ ሲረጭበት ቀለሙ ይስፋፋል። ሁለት መቶ ፊልተር ያለው እሽግ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ስለዚህ ልጅ ቢያበላሽ አልናደድም። አዋቂ ሲያበላሽ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያልሆነውን ፊልተር መግዛት

ቡና በጀበና የሚፈላበት ቤት ፊልተር አይኖርም። መጀመሪያ ሰሞን ለወላጆች «ልጆቹ ፊልተር ይዘው ይምጡ» ብዬ ቴክስት ባደርግ አንዷ እናት «ምነው፣ ቡና አፍይ ልታደርጊያቸው ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ሌላዋ ጀበናው አፍ ላይ የምትወተፈውን ማጥለያ በፌስታል ጠቅልላ ላከች። ከዚያ ወዲህ ራሴ ነው የምገዛው።

የምትፈልጉት ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ጠርዙ እንደ ኬክ ወረቀት የተሸበሸበውን ነው። በእጅ ዳበስ ዳበስ ሲደረግ ሙሉ ክብ ይሆናል። እንደ ሾጣጣ ቆብ የታጠፈው ጎኑ ላይ ስፌት አለው፤ አይዘረጋም። ቀለሙም ነጭ ይሁን። ቡናማው ላይ ቢጫ ቀብታችሁ ቢጫ አትጠብቁ። ለአንበሳ ጎፈር ግን ቡናማውን የሚያህል የለም።

ሳይነጣጥሉ መስጠት

ፊልተር ገና ያልቀዘቀዘ እንጀራ እንደሚጣበቀው ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ልጁ አንድ ያነሳ ይመስለዋል፤ አራት ነው። ቀለሙ ወደ ታች ይሰምጥና ከላይ ያለው ይገረጣል። ከቤት ሳልወጣ ቡና እየጠጣሁ እነጣጥላቸዋለሁ።

በማይለቅ ማርከር መቀባት

ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወፍራም ወፍራም፣ ደማቅ ደማቅ ማርከር ገዛሁ። ሃያ ልጅ ተሰለፈ። «አሁን አስማት ታያላችሁ» አልኩ። ልጆቹ ቀቡ፣ እኔ ውሃ ረጨሁ። ወረቀቱ ራሰ። ቀለሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና ረጨሁ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ አስማቱ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

የገዛሁት በውሃ የማይለቅ ነበር። ማሸጊያው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ደስ ስላለኝ አላነበብኩትም። «በውሃ ይታጠባል» የሚለውን ግዙ፤ ለልብሳቸውም የሚሻለው እሱ ነው። የማይለቀው በአልኮል ይሟሟል የሚል ሰው ታገኙ ይሆናል፤ እውነቱን ነው። ግን አልኮል ይሸታል፣ እሳትም ይይዛል። የልጅ ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

ውሃ ማብዛት

እንግዲህ ወደ ንዴቴ መጣሁ።

ይህን ወረቀት ለቡና ያዋለችው ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የድሬስደን የቤት እመቤት ናት። ጊዜው 1908 እ.ኤ.አ. ነው። የቡናው አተላ ቢያስመርራት የናስ ዕቃ በሚስማር በሳሳች፣ ከልጇ ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ ውስጡ አነጠፈች፣ ቡናዋን አጠለለች። አያችሁ? ድሮም ከልጅ ደብተር የወጣ ወረቀት ነው። ሥራውም ቀለም መምጠጥ ነበር። ፈሳሽ ሲነካው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። በኩራዝ ክር ጋዝ እየተሳበ እንደሚወጣው ሁሉ፣ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ውሃው ራሱ ይጓዛል፤ ቀለሙንም አስከትሎ ይሄዳል። ማንም አይገፋውም።

እኛ ግን እንገፋዋለን። አንዴ ረጭተን ሁለት ሰከንድ እንጠብቃለን። «አልሠራም» እንላለን። እንደገና እንረጫለን። ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው እኮ! ሦስተኛው፣ አራተኛው ሲጨመር ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ይዋኛል። ከዚያ ምን ይሆናል? ቀይና አረንጓዴ ሲገናኙ ቡናማ ነው። ቢጫና ወይንጠጅም ሲገናኙ ቡናማ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲገናኝ ክረምት ላይ ጫማችሁ ሥር የምታዩት ጭቃ ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከአንድ ክንድ ርቀት ሦስት ጊዜ ብቻ ይረጫል። ከዚያ እጅ ወደ ኋላ። ልጆቹ በአማርኛ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። (ከአሥራ ሦስት በኋላ ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ይሾልካሉ፤ እንመልሳቸዋለን።) ሃያ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ብቻ በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ አንድ ጠብታ ይጨመራል። ስፕሬይ ለታናናሾቹ አልሰጥም። ጣታቸው አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጠብታ ደግሞ በትዕግሥት ያሠራቸዋል፤ አንዷ አንድ ጠብታ ጥላ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ልታስነካ ምንም አይቀራት፣ ክቡ ሲሰፋ እያየች ትንፋሿን ትይዛለች።

ሌላው የማይታይ ውሃ ከሥር ያለው ነው። ፕላስቲክ ላይ ካስቀመጣችሁት የተረፈው ውሃ ከወረቀቱ በታች ይተኛል፤ ወረቀቱም ከታች መጠጣቱን ይቀጥላል። ሦስት ጊዜ ብቻ ረጭታችሁም ጭቃ ሲሆን «ምን አጠፋሁ?» ትላላችሁ። ከሥሩ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉ።

ደግሞም ሙሉውን አትቀቡ። ነጭ ቦታ ይተው፤ ቀለሙ መሄጃ ይፈልጋል።

የባንዲራውን ቀለም ማዘበራረቅ

የኛ ልጆች ማርከር ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያነሱት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው እሱ ነዋ። ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን ያደረገ ልጅ መሃሉ ላይ ቡናማ ያገኛል፣ ያኮርፋል። ቢጫን መሃል ያደረገ ግን ያሸንፋል። አረንጓዴው ከቢጫው ጋር ለምለም ሣር ይሆናል፤ ቀዩ ከቢጫው ጋር ብርቱካን ይሆናል። የባንዲራው ቅደም ተከተል ለፊልተር ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሳይደርቅ መነካካት

ተዉት። በቃ። በልኩ የረጠበ ፊልተር ክፍሉ እስካልቀዘቀዘ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አንዴ የፀጉር ማድረቂያ አመጣሁና ሃያ ቢራቢሮ አዳራሹን ሞላው፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ «የዚያን ቀኑን እንድገም» ይሉኛል። ሲደርቅ ቀለሙ ፈዘዝ እንደሚልም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኮላ ማብዛት

ስስ ወረቀት ነው፤ በፈሳሽ ኮላ ይቦጨቃል፣ የረጠበ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለቢራቢሮ ኮላም አያስፈልግ፤ መሃሉን ሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ይበቃል።

ስምንት ጫፍ ያለው በረዶ

ክረምት ሲመጣ ፊልተር አጥፎ በመቀስ እየቀደዱ በረዶ መሥራት እዚህ ሀገር የተለመደ ነው። እኔም ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ እያጠፍኩ አሠራቸው ነበር። ስምንት ጫፍ ይወጣል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ተነሥቶ «በረዶ ስድስት ነው ያለው፣ ቲቸራችን ነግራናለች» አለኝ። ልክ ነው። ስድስት እንዲመጣ አንዴ በግማሽ ይታጠፍና ግማሽ ክቡ ለሦስት እኩል ይታጠፋል። ለሦስት ማጠፍ ለትንሽ ልጅ ከባድ ስለሆነ ለታናናሾቹ ስምንቱን ትቼላቸዋለሁ። ልጁ ግን አሁንም በየዓመቱ ያስታውሰኛል።

በነጭ ልብስ እርድ

ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ እንሠራለን። ሀገር ቤት መስከረም ሲጠባ ልጆች ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ይዞራሉ። እዚህ መስከረም 1 ሲመጣ አደይ ከየት ይመጣል? ከፊልተር ነው የምናበቅለው። አንድ ዓመት «ቢጫውን በማርከር ከምንቀባ በእርድ ብንነክረው» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ በጠበጥኩ። ሲቀዘቅዝ ልጆቹ ፊልተሩን አጥፈው ጫፉን ነከሩት። ምን ዓይነት ቢጫ መሰላችሁ! አዳራሹ ወጥ ወጥ ቢሸትም ማንም አልከፋውም።

የበዓል ዋዜማ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ልጆቹ የሀገር ልብስ ለብሰዋል። ነጭ!

አንዷ ቀሚሷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ አሳረፈች። እኔም እንደ ጎበዝ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ይዣት ሮጥኩ፤ ሳሙና አነሣሁና ማሸት ጀመርኩ። ቢጫው ቀይ ሆነ። ደም የመሰለ ቀይ! ልጅቷ ጮኸች፣ እናቷ መጣች፣ እኔ ሳሙናውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ነገሩ አስማት አይደለም። እርድ ሳሙና ወይም ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል፣ በደንብ በውሃ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። እናትየው ግን ይህን ለመስማት ዝግጁ አልነበረችም፤ አልፈርድባትም። ቀሚሱን አጥቦ ፀሐይ ላይ ደጋግሞ ማስጣት ነው ያዳነን፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። በዚያው ምክንያት መስኮት ላይ የተሰቀለ የእርድ አደይ ቶሎ ይገረጣል፤ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

አሁን ሽርጥ ሳያስሩ እርድ አላስነካም። ያንን ቀይ ግን አልተውኩትም። የደረቀውን ቢጫ ፊልተር እሰጣቸዋለሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃና የጆሮ ማጽጃ ጥጥ እሰጣቸዋለሁ። ሲጽፉበት ቀይ ፊደል ይወጣል። ፊደል ሰልችቶት ወደኔ የተላከ ልጅ ሳያውቀው «ሀ ሁ ሂ» ሲጽፍ ይውላል።

የአዋቂ እጅ

ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ክንፉ እኩል የሆነ ቢራቢሮ ካየሁ የእናት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። የልጅ ቢራቢሮ አንድ ክንፉ ሁልጊዜ ይወፍራል። ተዉላቸው።

ከአዋቂ ሁሉ የሚመቹኝ አያቶች ናቸው። አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጡና ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ካልተጠየቁ አይነኩም። አንድ ቀን ልጁ የአበባውን ግንድ በሽቦ ማሰር ሲያቅተው ወደ እሳቸው ዘረጋላቸው። ሽቦውን ገለል አደረጉት። የወረቀቱን ታች በጣታቸው አረጠቡና ጥጥ እንደሚፈትል ሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሾሩት፣ አሾሩት። ግንዱ ጠንክሮ ቆመ። «እንዲህ ነው እማማ?» ብዬ ብሞክር የኔው ተበጠሰ። «አታጥብቂያ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በአደይ ላይ ሽቦ አልጠቀምም።

ሻማ አጠገብ መስቀል

ስስ ደረቅ ወረቀት ነው። ሻማና የሚሞቅ አምፖል አጠገብ አይሰቀልም። መጻፍ የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ልደት ላይ የኬኩ ሻማ ዙሪያ ተደርድሮ ስላየሁ ነው።

የተበላሸውን መጣል

ጭቃ የሆነው ፊልተር ሲደርቅ የሚያምር ቡናማ ነው፤ ዥጉርጉር፣ ሳር መሳይ። ከጠርዙ እስከ መሃሉ አንዴ በመቀስ ሰንጥቁት። ሁለቱን ጫፎች አንዱን ባንዱ ላይ ደርቡና በስቴፕለር ያዙት። ሾጣጣ ይሆናል። ከሥሩ የሶፍት ጥቅል ካርቶን አጠር አድርጋችሁ ብታቆሙ የሣር ክዳን ጎጆ ነው።

ያቺ ቢራቢሮዋ ድፍን ምስር የሆነባት ልጅ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ይህን አሳየኋት። ወረቀቱ እስኪደርቅ አልጠበቀችም፤ ጣሪያዋ ትንሽ ተንጋደደ። በር ሣለችለት። ከበሩ ፊት አንድ ረጅም ሰው ሣለች፣ በእጁ የሆነ ነገር ይዟል። «ምንድን ነው የያዘው?» አልኳት። «ስፕሬይ» አለች።

አባቷ ሰማ። ሳቀና «ሌላ ወረቀት ይኖርሻል?» አለኝ። ሁለት ሰጠሁት። ስፕሬዩን ግን ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁት።