በጀት ሲያልቅ አብሮ የማይሞት አዲስ አሠራር

ደሴም ሆነ ወልድያ ቢሮ ከፍታችሁ በጎ አድራጎት የምትሠሩ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። አዲስ ሐሳብ ይመጣል፣ ዶነር (ገንዘብ ሰጪው ድርጅት) ይወደዋል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ፕሮጀክቱ የተዘጋ ዕለት ሐሳቡንም ውሃ በላው። ብር ማነሱ እውነት ነው፤ ግን የባሰው አዲሱን ነገር ለብቻው ሠራተኛ፣ ለብቻው ኮሚቴ፣ ለብቻው አበል መድበን መጀመራችን ይመስለኛል። እነዚያ ሲቆሙ እሱም ይቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ እናንተ ብር ቆሞ የሚሄድ ነገር ፈልጉ። ወሎ ውስጥ ሩቅ አያስኬድም፣ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ የሚረዳዱበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ማን እንደቸገረው ደግሞ ከእናንተ የዳሰሳ ጥናት ቀድሞ ያውቃል።

ለችግረኛ እናቶች ፍየል ሰጥታችሁ የመጀመሪያዋን ግልገል ለሌላ ችግረኛ የምታስተላልፉ ከሆነ፣ ክትትሉን በሞተር ሳይክል ለሚዞር ሠራተኛ አትስጡት፣ ነዳጁ ብቻ ይጨርሳችኋል። ፍየሏን ማን ወሰደ፣ መቼ ወለደች፣ ግልገሏ ለማን ደረሰች የሚለውን ቅሬው በአንድ ደብተር ይያዘው። «ፍየሏ ሞተች» ሲባል ሞታ ነው ወይስ ባቲ ገበያ ወጥታ የሚለውን ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። የእናንተ ሰው ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን ሄዶ ገጹን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ በቃ። ብቻ አደራ፣ አበል አታስለምዱ! ቅሬውን የእናንተ ቅርንጫፍ ያደረጋችሁት ዕለት ነገሩ አለቀለት።

ቀን መምረጥም ገንዘብ አይጠይቅም። ባቲ ዙሪያ ሰኞ ሥልጠና ጠርታችሁ ሰው ቀረ ብላችሁ አትማረሩ፣ ሰኞ ገበያ ነው። አርብ ጁምዓ አለ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም። ይህን ሳያዩ የወጣ የሥራ ዕቅድ ስንት የአዳራሽ ኪራይ እንደበላ ፋይናንስ ክፍላችሁን ጠይቁ።

ሙከራውን በአንድ ቀበሌ ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት «ይህን ያህል ለውጥ ካላየን እንተወዋለን» ብላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ፣ አለዚያ የሥራ አስኪያጁ ሐሳብ ስለሆነ ብቻ የሚጎተት ፕሮጀክት ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። መረጃ ለመሰብሰብ ሶፍትዌር አትግዙ። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የስልክ መጠይቅ መሙያ በነጻ ይገኛል፣ ኔትወርክ በሌለበት ደጋ ላይ ሞልታችሁ ከተማ ስትገቡ ይላካል።

ገንዘቡስ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። እዚያው አዋጅ ውስጥ ግን ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት እንደሚቻል፣ ትርፉ ለአባላት እስካልተከፋፈለ ድረስም ለድርጅቱ ሥራ እንደሚውል ተጽፏል። ግቢያችሁ ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አዳራሽ ወይም ፎቶ ኮፒ ማሽን ካለ ሒሳቡን ለይታችሁ አሠሩት። ከዚያ የሚገኘው ትንሽ ብር የማንም ዶነር ፊርማ አይጠብቅም፤ ለሙከራ የሚመች እንዲህ ያለው ነው።

ሠራተኛ ይለቃል፣ ይህን አታስቆሙትም። አሠራሩን የሚያውቅ ሁሌም ሁለት ሰው ይሁን፣ አካሄዱም በአማርኛ ይጻፍ። ለዶነር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሪፖርት አዲስ የመጣው የመስክ ሠራተኛ አያነበውም፣ እውነቱን ለመናገር የጻፈውም ደግሞ አያየውም።

ሙከራው ከሠራና ወረዳው እንዲረከባችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሲል አትሩጡ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዛችሁ ብትሄዱ «የዘንድሮው ዕቅድ አልቋል» ትባላላችሁ። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ዕቅድ ሲያወጡ፣ የቅሬውን ደብተርና የቅሬውን ሰዎች ይዛችሁ ግቡ፤ ንግግሩንም ለእነሱ ተዉላቸው።