ከአያት ሳጥን ብርቅ ዕቃ ሲወጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐረር ጁገል ውስጥ የቆየ ቤት ሲታደስ ወይም ውርስ ሲከፈል ከሳጥን ሥር ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰባት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናትና፣ አሮጌ ደብዳቤና ገንዘብ ከየቤቱ ይገኛል። ብዙው ዕቃ ግን የሚበላሸው በተገኘ በማግሥቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማጠብ ነው። አክስቴ ከእናቷ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ የምኒልክ ብር አገኘች። ደስ ብሏት በአመድና በሎሚ ፈተገችው። ስታሳየኝ እንደ መስታወት ያበራል፤ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው ግን ፊቱ ሁሉ በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል፣ የአንበሳው ጎፈርም ተድጧል። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም፤ ብር አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ በብዙ ዓመት የሚለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነው። ከተፈተገ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ዋጋ ነው። ሳንቲም በጠርዙ ይያዝ፣ በደረቅ ወረቀት ይጠቅለል፣ ሌላ ምንም አይደረግበት።

ዓመተ ምሕረቱን አይቶ መቸኮልም ያሳስታል። በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለ። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ቁጥር ይዞ ተመትቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። የሐረር ሳጥን ደግሞ ሦስት የዘመን አቆጣጠር አንድ ላይ ይይዛል፤ በሂጅራ 1303 የሚል ጽሑፍ በእኛ 1878 ገደማ መሆኑን ማስላት ያስፈልጋል።

ትንሿን ሳንቲም አትናቁ። የሐረር አሚሮች ምኒልክ ከተማዋን እስከያዙበት እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር። መሐለቅ የሚባለው ቀጭንና ጥቃቅን ስለሆነ፣ የዓረብኛ ጽሑፉም ስለሚደበዝዝ፣ ከአሮጌ ቁልፍና ከዝገት ጋር ይጣላል። ትልቁ ጠገራ ብር በየገበያው አለ፤ እሷን ግን እንደገና ላታገኟት ትችላላችሁ። ይህን ሁሌ ስናገር የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው።

ቴምብር ከፖስታው ላይ አይላጥ። በፓሪስ የታተሙት፣ የዐፄ ምኒልክ ምስልና አንበሳ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ያልተሠራባቸው ሆነው በብዛት ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ዛሬም አይጠፉም። ብርቁ ተልኮበት የሐረር ማኅተም የተመታበት ሙሉ ፖስታ ነው። አድራሻውና ማኅተሙ ከተለዩ ማስረጃው ጠፋ።

የእጅ ጽሑፍ ቅጠሉ ቢበጠስ በስኮች አይለጠፍ። ሙጫው ይቢጫል፣ ቀለሙንም ይዞ ይነሳል። ሽፋኑ ስለተቦጨቀ ብቻ አዲስ አይደረግለት፤ የሐረር ጠራዦች የቆዳ ሥራ በራሱ ቅርስ ነው። በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ የግል ሙዚየም የጎበኘ ሰው፣ ከየቤቱ የተሰበሰቡ መጻሕፍት በትዕግሥት ሲጠገኑ ምን እንደሚመስሉ አይቷል።

ለመጀመሪያው ገዢ መሸጥ፣ በተለይም ለሚያቀልጥ ብር ሠሪ መስጠት፣ ሌላው ስህተት ነው። አስቀድማችሁ ሁለቱንም ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ መዝኑ፣ ከማን ሳጥን እንደወጣም ጻፉ፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ጠይቁ።

መሠረት ሲቆፈር የተገኘ ዕቃ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እስኪረከበው ድረስ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቁፋሮውን አቁሙ፣ ዕቃውን ከአፈሩ አታላቁት፣ የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጥሩ።