የንፋስ ውሃ መሳቢያን ያለ ክሬን ማማ ላይ ለመስቀል

አንድ የብረት ቱቦ፣ ሁለት ፑሊና ፍሬን ያለው የእጅ ዊንች (ካቦ የሚጠቀለልበት ማንሻ) ይበቃሉ። እንደ ኤርሞተር (የአሜሪካ ስሪት) ያለ ባለ 8 ጫማ የንፋስ መሳቢያ ካምቢዮውና መንኮራኩሩ አብረው ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ ለየብቻ አውጧቸው።

ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባለ 3 ኢንች ቱቦ ከማማው እግር ጋር በዩ ቦልት (በU ቅርጽ የታጠፈ ቡሎን) ይታሰራል፤ ማሰሪያዎቹ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራራቁ። ከማማው በላይ የሚወጣው ቁመት ካምቢዮውን፣ ከሥሩ የሚገባውን ዘንግና ማንጠልጠያውን ደምሮ ግማሽ ሜትር ትርፍ ይኑረው። ማጠሩ የሚታወቀው ጭነቱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካቦው (በብረት ገመዱ) አቅጣጫ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ካለው ፑሊ በቀጥታ ወደ ሜዳ ከተዘረጋ ቱቦውን ወደ ጎን ስቦ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ማማው እግር ሥር ሁለተኛ ፑሊ እሰሩና ካቦው ከቱቦው ጋር ትይዩ ይውረድ። ያኔም ቢሆን 100 ኪሎ ስታነሱ ላይኛው ፑሊ ላይ የሚያርፈው ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ ጭነቱም ዊንቹም ወደ ታች ይስባሉና። የታችኛው ፑሊ ካቦውን በ90 ዲግሪ ስለሚያጥፍ የጭነቱ ወደ 1.4 እጥፍ ይደርስበታል፤ በሰንሰለት እንጂ በሽቦ አይታሰርም።

የካቦውን ጫፍ በሦስት ክሊፕ ያዙ። የክሊፑ ኮርቻ (ካቦው የሚያርፍበት ወፍራሙ ክፍል) ጭነት በሚሸከመው በኩል ይሁን፤ ከተገለበጠ ካቦውን ይጨፈልቀዋል።

ካቦውን በትራክተር መሳብ ግን አልመክርም። ነጂው ጭነቱ ማማው ላይ መጠለፉን ሳያይ መሳቡን ይቀጥላል፤ በእጅ ዊንች ከሆነ ክብደቱ ወዲያው ክንድ ላይ ይታወቃል።