የሮቶ ማቆሚያን ለ2,000 ሊትር እንዴት ማጠናከር ይቻላል

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ለገጣፎ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ጣጣው የሚመጣው ባለ1,000 ሊትሩ አልበቃ ብሎ በዚያው ብረት ላይ ባለ2,000 ሲወጣበት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሁለት ቪትስ መኪና የሚያህል ክብደት ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አናት ላይ ይቆማል። ይህ አሠራር እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላለው ባለአራት እግር ማቆሚያ ነው። ከዚያ ከረዘመ መሐንዲስ ያስላው።

መጀመሪያ ሮቶውን አፍስሳችሁ አውርዱ። ውሃ እንደተሸከመ እግሩን መበየድ አደገኛ ነው፤ ብረት ሲግል ይለሰልሳል። ከዚያ እግሮቹን አፈር በሚነኩበት ቦታ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ደህናው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት) ይጮኻል፣ ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል። ቀለሙ ካበጠ በካቻቪቴ ጫን በሉት፤ ከበሳው ያ እግር አልቋል።

ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መሬቱ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ የሚበዛው መረሬ (ጥቁር ጭቃ) አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አንዱ እግር ሲነሳ ሌላው ይሰምጣል፤ ሮቶው ያዘነብልና ክብደቱ ሁለት እግር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማቆሚያውን ነቅላችሁ መሠረቱን እንደ አዲስ ሥሩ፦

1. ለእያንዳንዱ እግር 1.5 ሜትር ቆፍሩ። መረሬው እዚያም ካላለቀ 50 ሴ.ሜ. ጨምራችሁ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ፣ በማያብጥ የሙሌት አፈር) ሙሉት፤ በየ15 ሴ.ሜ. ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ።
2. 80 በ80 ሴ.ሜ.፣ ውፍረቱ 25 ሴ.ሜ. የሆነ ፉቲንግ (ከጉድጓዱ ሥር የሚተኛ የመሠረት አርማታ) 12 ሚ.ሜ. ፌሮ በየ15 ሴ.ሜ. በሁለቱም አቅጣጫ አስራችሁ ሙሉ። ፌሮው ከአፈር 5 ሴ.ሜ. ይራቅ።
3. ከፉቲንጉ ላይ 30 በ30 ሴ.ሜ. ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ከመሬት 20 ሴ.ሜ. በላይ አውጡ፤ ብረት አፈር እንዳይነካ። አራቱን በግሬድ ቢም (ምሰሶዎቹን መሬት ላይ በሚያያይዝ የአርማታ ማገር) እሰሩ። አናቱ ላይ ለእያንዳንዱ እግር አራት ባለ16 ሚ.ሜ. ቡሎን ቅበሩ።

ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ ለሁሉም 12 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር በላይ ውሃ አታስጨምሩ። ሠራተኛ እንዲፈስለት ማቅጠን ይወዳል፣ አርማታው ግን በዚያው ልክ ይደክማል። 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ብረቱን ከ14 ቀን በፊት አታቁሙ።

እግሩ 80×80×3 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ ይሁን፣ ሥሩም 20 በ20 ሴ.ሜ.፣ ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ. የሆነ ብረት ይበየድበት። የቱቦውን አፍ ድፈኑ፤ ዝናብ ከገባ ዝገት ከውስጥ ይበላዋል። በአራቱም ጎን ከማዕዘን ማዕዘን የመስቀል ማገጃ አድርጉ። አንዱን ጎን ለመተላለፊያ ብሎ ክፍት መተው የተለመደ ነው፣ ማቆሚያው ግን በዚያው በኩል ይጣመማል። በታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ሁለት ቶን ውሃ ሲወዛወዝ የሚይዘው ይህ መስቀል ነው። በያጁ በነጥብ ብቻ እንዳይተወው፣ ዙሪያውን አስበይዱት።

የላይኛው ፍሬም 80×80×3፣ ተሸካሚዎቹ በየ40 ሴ.ሜ. 80×40×3 በቁማቸው፣ ላዩ 4 ሚ.ሜ. ላሜራ። የሮቶው ቂጥ በሙሉ መደገፍ አለበት፤ ክፍተት ላይ የተቀመጠ ፕላስቲክ ይጎብጥና ይሰነጠቃል። ሮቶውን ከፍሬሙ ጋር እሰሩት፣ ባዶውን ንፋስ ይጥለዋል። ሞልቶ የሚፈሰውን ውሃ በቱቦ ከመሠረቱ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት።

አርማታው ከተሞላ ከ28 ቀን በኋላ ሮቶውን ግማሹን ሙሉና አሳድሩት። ጠዋት በአራቱም እግር ቱንቢ ጣሉ፤ ማቆሚያው ካልተነቃነቀ ሙሉት። ያንኑ በሐምሌና በጥር ድገሙ። አንዱ እግር ከ1 ሴ.ሜ. በላይ ከሰመጠ ሮቶውን አፍስሱ፣ ዳዶውን አላሉና ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት አስገብታችሁ መልሳችሁ እሰሩ።