«ደረሰ» ወይስ «ለጥቂት ተረፈ»? የሕክምና ክስተትን ለይቶ እንዴት መመዝገብ ይቻላል

ጎንደር ውስጥ ሁለት የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ታካሚዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። ከመተማ በኩል የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ስማቸው እስከ አባት አንድ ነው። ለሁለቱም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው የካላዛር መርፌ ታዟል። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ግን የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ነርሷ መርፌውን ይዛ የተሳሳተው አልጋ ጋ ደረሰች። የካርድ ቁጥሩን ስታስተያይ ባነነችና ተመለሰች። ይሄ እንዴት ይመዘገባል?

ፋየር (FHIR) የተባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ፣ በአራተኛው እትሙ የጎጂ ክስተት መዝገብ ላይ «አክቹዋሊቲ» የሚባል ፊልድ (የመሙያ ቦታ) አለው። ሳይሞላ አይታለፍም። ምርጫው ሁለት ነው፦ አክቹዋል (በእርግጥ የሆነ) ወይም ፖቴንሻል (ሊሆን ሲል የቀረ)።

1. የተበላሸውን ነገር ባጭሩ ጻፉ። «የሌላ ሰው መርፌ» ካላችሁ ይበቃል።

2. ነገሩ በእርግጥ ሆኗል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ሳትወጋ ስለተመለሰች ፖቴንሻል ነው። ብትወጋ ኖሮ አክቹዋል ይሆን ነበር።

3. ጉዳቱን ለብቻው አስቀምጡት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። መርፌው ተወግቶ ታካሚው ምንም ካልሆነ «ተመስገን፣ ፖቴንሻል በለው» ይባላል። አይሆንም! የፊልዱ ፍቺ ራሱ፣ ሰው ተጎዳም አልተጎዳም፣ ጉዳቱ ቢከብድም ቢቀልም ለውጥ እንደማያመጣ በግልጽ ይናገራል። የተወጋው ተወግቷል፤ ስለዚህ አክቹዋል ነው። የደረሰበት ነገር በውጤት ፊልድ፣ ክብደቱም በራሱ ፊልድ ይገባል።

4. ስጋትን ከክስተት ለዩ። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የልብ ምት ሊያዛባ እንደሚችል ይታወቃል። ታካሚው መድኃኒቱን ስለጀመረ ብቻ ፖቴንሻል ክስተት አይከፈትም። ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ተዛብቶ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ ግን አክቹዋል ነው። የፔኒሲሊን አለርጂም የራሱ መዝገብ አለው፤ እዚህ አታምጡት።

5. ለጥቂት የተረፈውንም መዝግቡ። «ምን አስለፈለፈኝ፣ ነገ እኔው ልጠየቅበት?» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። እውነት ለመናገር አይፈረድበትም። ስለዚህ ኃላፊው መዝገቡን ለቅጣት አያውለው። የስሙ መመሳሰል ነገም እዚያው ነው፤ የካርድ ቁጥር ማመሳከር ግዴታ ይሁን ለማለት ማስረጃው ይሄ መዝገብ ነው።

6. የወር ሪፖርት ስታወጡ ሁለቱን አትደምሩ። መጀመሪያ በአክቹዋሊቲ አጣሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ።