ባል ወይም ሚስት ወደ አሜሪካ ለማምጣት ገቢያችሁ ስንት መሆን አለበት?

ሠርጉ አገር ቤት ተደግሷል። አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻው) ገብቶ ጸድቋል። ኬዙ ኤን ቪ ሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል) ደርሶ አሁን አይ-864 አስገቡ ተብላችኋል። ይሄ ፎርም «የማመጣውን ሰው እኔ እደግፈዋለሁ፣ የመንግሥት ሸክም አይሆንም» ብላችሁ የምትፈርሙበት ውል ነው። ሲቲዝን ሁኑ ግሪን ካርድ ያዥ፣ አይቀርም።

መለኪያው የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት ወለል ነው። ገቢያችሁ የዚያን ወለል 125 በመቶ መሙላት አለበት። በ2025 ሠንጠረዥ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት 40,187 ይመጣል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰው 6,875 ጨምሩ። አላስካና ሃዋይ ከፍ ይላል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ለትዳር አጋሩ 100 በመቶ ይበቃዋል። ሠንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ስታስገቡ አዲሱን እዩ።

አሁን ቤተሰቡን ቁጠሩ። እናንተ፣ የምታመጡት ሰው፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቻችሁ (አሳዳጊያቸው ሌላ ሰው ቢሆንም)፣ ታክስ ላይ ዲፔንደንት ብላችሁ ያስገባችኋቸው፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት አይ-864 ፈርማችሁላቸው ግዴታው ገና ያላለቀ ሰዎች። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከጥቂት ዓመት በፊት እናታችሁን አምጥታችሁ ከሆነ እሳቸውም ይቆጠራሉ። በየወሩ አገር ቤት ብር የምትልኩላቸው ዘመዶች ግን በዚያ ብቻ አይቆጠሩም።

ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ዕዳው ገብስ ነው። የመጨረሻውን ዓመት የአይ አር ኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ትራንስክሪፕት፣ ደብሊው-2 (አሠሪው የሚሰጣችሁ የዓመት ደሞዝ ወረቀት)፣ የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብና የአሠሪ ደብዳቤ ታያይዛላችሁ፣ አለቀ። የሚቆጠረው በዋናነት የአሁኑ ገቢያችሁ ስለሆነ፣ አምና ትንሽ ሠርታችሁ ዘንድሮ ጥሩ ሥራ ከያዛችሁ ያንን በደብዳቤና በፔይ ስተብ ማሳየት ትችላላችሁ። የምታመጡት አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ገቢያችሁ ሁሉ ደሞዝ ወይም ጡረታ ከሆነ ደግሞ አጭሩን ፎርም፣ አይ-864 ኢ ዜድን፣ መጠቀም ይቻላል።

ችግሩ ያለው የግል ሥራ ላይ ነው፣ ማለትም ኡበር፣ ሊፍት፣ ታክሲ፣ ትንሽ ሱቅ ያላችሁ ላይ። አንድ ሾፌር እንውሰድ። ኡበር የላከለት 1099 (የዓመቱን ጠቅላላ ክፍያ የሚያሳይ የታክስ ወረቀት) ላይ 58,000 ዶላር ይላል። «እኔማ ከሚፈለገው እጥፍ አለኝ» ብሎ ተኝቷል። ግን ከዚያ ላይ የኡበር ኮሚሽን 14,000 ይወጣል። በ2024 ለሥራ የነዳው 35,000 ማይል ነው፣ የዚያ ዓመት ተቀናሽ በማይል 67 ሳንቲም ስለነበር 23,450 ደግሞ ይቀነሳል። ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ፎርም) ላይ የቀረው 20,550 ነው። አይ-864 የሚያየው ይሄንን የተጣራውን ነው፣ ባንክ የገባውን አይደለም። ታክስ ሠሪው ትንሽ ታክስ ስላስከፈለው ያመሰገነው ሰውዬ ሚስቱን ለማምጣት 5,887 ዶላር ጎደለው።

ስለዚህ ኬዝ ያለው ሰው ታክስ ከማሠራቱ በፊት ለታክስ ሠሪው «ስፖንሰር ላደርግ ነው» ብሎ ይንገረው። ቁጥር አዛቡ ማለቴ አይደለም። ግን ያልተነዳ ማይል እየጨመሩ ወጪ ማጋነን በሕግም ያስጠይቃል፣ ኬዙንም ይጎዳል። ገቢው በእውነት የማይበቃ ከሆነ ሾፌርነቱን ሳይተዉ የደሞዝ ሥራ በትርፍ ሰዓት መጨመር በሰነድ ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ነው።

ሌላው ታክስ ላይ የማየው ስህተት፣ አገር ቤት ሄዶ ተጋብቶ መጥቶ «ሲንግል» ብሎ ማስገባት ነው። በዲሴምበር 31 ባለትዳር ከነበራችሁ ለዚያ ዓመት ባለትዳር ናችሁ፣ ሚስት አዲስ አበባ ብትሆንም። ቆንስላው የጋብቻ ወረቀቱንና ታክሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያየው። ተሳስታችሁ ከሆነ ከቃለ መጠይቁ በፊት በ1040-ኤክስ አስተካክሉት።

ገቢው ካልሞላ ምን ይደረጋል? አንደኛው ንብረት ነው። ሲቲዝን ለትዳር አጋሩ የጎደለውን ሦስት እጥፍ ያሳያል፣ ግሪን ካርድ ያዥ አምስት እጥፍ። ሾፌራችን ሲቲዝን ከሆነ 17,661 ዶላር የሚያወጣ ቁጠባ ወይም በዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ንብረት ይበቃዋል። ቤት ከሆነ ከግምቱ ላይ የባንክ ዕዳው ተቀንሶ ነው። ያላችሁ አንድ መኪና ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ያለ ቤት የሚታሰበው ሸጣችሁ ገንዘቡን ከአገር ማውጣት እንደምትችሉ ስታሳዩ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከባድ ስለሆነ እኔ አልመካበትም።

ሁለተኛው አብሯችሁ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ነው። ወንድም፣ እህት፣ ወላጅ ወይም አዋቂ ልጅ በአይ-864ኤ ገቢውን ከናንተ ጋር ይደምራል። የአክስት ልጅ ወይም ሩምሜት ግን፣ ታክስ ላይ ዲፔንደንታችሁ ካልሆነ፣ በዚህ አይገባም።

ሦስተኛው ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም ከናንተ ሌላ የራሱን አይ-864 የሚፈርም ሰው ነው። ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ይሁን እንጂ። ገቢው ግን ከናንተ ጋር አይደመርም፣ የራሱን ቤተሰብና የምታመጡትን ሰው ቆጥሮ ብቻውን 125 በመቶ መሙላት አለበት። እሱ ቢኖርም እናንተ የራሳችሁን አይ-864 መሙላታችሁ አይቀርም፣ ገቢያችሁ ዜሮ ቢሆንም።

ስትለምኑ ደግሞ እውነቱን ንገሩ። «ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ ናት፣ ለፎርማሊቲ ነው» እየተባለ ስንት ሰው ፈርሟል። ፎርማሊቲ አይደለም። ግዴታው የመጣው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን፣ ወይም 40 ኳርተር፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርለት፣ ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ አገሪቱን እስኪለቅ፣ ወይም እስኪሞት ይቆያል። ፍቺ አያነሳውም። ያ ሰው እንደ ፉድ ስታምፕ ያለ እርዳታ ቢወስድ መንግሥት ፈራሚውን ገንዘቡን ሊጠይቀው ይችላል። ይሄን ሰምቶ «እሺ» ያለ ሰው ነው ጆይንት ስፖንሰር።

አገር ቤት ተመልሳችሁ የምትኖሩ ሲቲዝኖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። መኖሪያችሁ አሜሪካ መሆኑን ወይም ከባለቤታችሁ ጋር ልትመለሱ መሆኑን ማሳየት። የተከራያችሁት ቤት፣ የሥራ ቅጥር፣ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ፣ የባንክ ሂሳብ ይረዳል።

ኤን ቪ ሲ ላይ ያስገባችሁት ሰነድ ቃለ መጠይቁ እስኪደርስ ያረጃል። በመሃል አዲስ የታክስ ዓመት ከገባ አዲሱን ትራንስክሪፕት፣ ካልገባም የቅርብ ፔይ ስተቦችን ለባለቤታችሁ ላኩና ኤምባሲ ሲሄዱ ይዘው ይግቡ። ጆይንት ስፖንሰር ካለ የሱንም፣ ከፓስፖርቱ ወይም ከግሪን ካርዱ ኮፒ ጋር።